ኮማንደር ይመር የተቀበላቸው ቃሎች

በኖርዌይ ዋና ከተማ ቫይትቬት በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይመርን እስከ ዛሬ «ኮማንደር» ይሉታል። ማዕረጉን ከነኮፍያው ጥሎ ከአገር ከወጣ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አሁን አልናብሩ ውስጥ፣ ከጭነት ባቡሩ ጣቢያ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ መጋዘን በር ላይ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ የሚገቡትን ተሳቢዎች ቁጥር የሚያመሳክር ሠራተኛ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን አሳጥረው «ይም» ይሉታል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ግን ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ኮማንደር፣ እንዴት ሰነበትክ» እየተባለ ይገባል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ይም፣ እሁድ ኮማንደር። ከሁለቱ የትኛው እሱ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ግራ ይገባዋል።

አገር ቤት ሳለ፣ ወሎ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ወረዳ የፖሊስ አዛዥ ነበር። ከተራ ኮንስታብልነት ተነሥቶ እዚያ የደረሰው በጉልበቱ ወይም በዘመድ አልነበረም፤ ቃል አቀባበል ስለሚያውቅ ነበር። ከሳሽ ሲመጣ ከፊቱ ያስቀምጠዋል፤ ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን ይጽፋል፤ ከዚያ ሰውዬው የተናገረውን እንደ አነጋገሩ፣ ሳያሳምርና ሳያሳጥር ያሰፍራል። ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለትና «ያልከው ይኼን ነው?» ይለዋል። ሰውዬው «አዎ፣ ግን በሬው ጥቁር ሳይሆን ዳልቻ ነው» ካለ ዳልቻ ተብሎ ይታረማል። ከዚያ ይፈርማል፤ ፊደል ያልቆጠረ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ይመር አንድም ቀን ያልተነበበ ቃል አስፈርሞ አያውቅም።

ከአገሩ ያስወጣውም ይኸው ነው። አንድ ሰኔ ላይ ከበላይ የመጣ ሰው አሥራ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደረለት። በአሥራ አንድ ወጣቶች ስም የተጻፈ ቃል ነው።

«ተቀባይ ሆነህ ፈርም» አለው።

«ተነቦላቸዋል?» ሲል ጠየቀ ይመር።

ሰውዬው ሳቀ። ይመር ሰውዬው ስቆ እስኪጨርስ ጠበቀና ብዕሩን ከደነ። በሁለተኛው ሳምንት በመተማ በኩል ሱዳን ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ፣ በረሃውንም፣ የስደተኛ መቀበያ ጣቢያውንም፣ ሚስቱ ፋናዬና ሴት ልጁ ምኞት እስኪመጡ የቆየውን አራት ዓመትም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጨርሰው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሳለፈን» ይላል። ዛሬ ፋናዬ ትምህርት ቤት ታጸዳለች፤ ምኞት ነርስነት እየተማረች ቅዳሜ ቅዳሜ ግሩነርሎካ ካፌ ትሠራለች። ሦስቱም ጤነኞች ናቸው። ይመር ከዚህ በላይ የጠየቀው ነገር አልነበረም። ፖለቲካ ደግሞ ጨርሶ አልጠየቀም።

ፖለቲካው ራሱ ነው የመጣበት፤ ያውም በመጥረጊያ በኩል። በፀደይ ወር፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ የፎቁ ነዋሪ ሁሉ ወጥቶ ግቢውን በጋራ የሚያጸዳበት ዱግናድ የሚሉት ቀን አለ። ይመር የዓመቱን ቅጠል እየጠረገ ሳለ ሶልቫይ መጣች። ሶልቫይ ከነሱ በታች ያለው ቤት የምትኖር ጡረታዋ የተቃረበ መምህርት ናት፤ የአንድ ፓርቲ የአካባቢው መሪም ናት።

«ይመር፣ ላስቸግርህ» አለችው። «ለክፍለ ከተማው፣ ለቢደሉ ምክር ቤት በምናቀርበው የዕጩዎች ዝርዝር ላይ አንድ ስም ጎደለን። የመጨረሻው ቦታ ነው፣ ሃያ አንደኛው። ምንም አትሠራም።»

«ምንም ካልሠራሁ ለምን ታስገቡኛላችሁ?»

«ዝርዝሩ ሙሉ እንዲሆን።»

«ሙሉ ካልሆነስ?»

ሶልቫይ አሰበች። «ጎዶሎ ይመስላላ» አለች።

ይመር ያሰበው ሌላ ነው። ይህች ሴት ልጁን በነፃ ሒሳብ ያስጠናች ጎረቤት ናት፤ እንዴት እምቢ ይላታል? «ያ» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ አጠገቡ አቁሞ።

ማታ ራት ላይ ለፋናዬ ነገራት።

«እሺ አልኩ።»

«ምኑን?»

«ፖለቲካውን።»

ፋናዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ከፖለቲካ ሸሽተን አይደል እንዴ ይኼን ሁሉ ብርድ የቻልነው?»

«የመጨረሻው ነኝ፣ ፋኔ። መሙያ ነኝ።»

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ይመር።»

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ፓርቲው በገበያ ማዕከሉ ፊት ለፊት ድንኳን ተከለ። ዋፍል ይጋገራል፣ በራሪ ወረቀት ይታደላል። ሶልቫይ ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ስለነበረባት ከመሄዷ በፊት ይመርን ትከሻውን ነካ አድርጋ፦

«አንተ ሰዉን አናግር። ምን እንደሚያሳስባቸው ጠይቅ» ብላው ሄደች።

በዚህ በኩል ሥራውን አሳምሮ ያውቃል፤ ቢያንስ የሚያውቅ መሰለው። ቤቱ ሮጦ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ደስታ ወረቀትና ሦስት እስክሪብቶ አመጣ። ዋፍል ጋጋሪዎቹ ተያዩ። ይመር ጠረጴዛውን ዘረጋ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፈ፣ ተቀመጠና ጠበቀ።

መጀመሪያ የመጣችው ሶምጂት ነበረች፤ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖርና በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት የምትሠራ ታይላንዳዊት ናት።

«ፖሊስ ነበርክ አሉ» አለችው፣ ሳትቀመጥ።

«ያ፣ ነበርኩ።»

«አዛዥ?»

«ያ።»

«አጎቴም ታይላንድ የፖሊስ አዛዥ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ፖለቲከኛ ሆነ። በምርጫ ሰሞን ፊቱ የታተመበት ማራገቢያ ለሰው ሁሉ ያድል ነበር። አንተ ምን ታድላለህ?»

ይመር ጠረጴዛውን ቃኘ። «እኔ እቀበላለሁ እንጂ አላድልም።»

«ጉቦ?»

«ኧረ ቃል!»

ሶምጂት ከት ብላ ሳቀችና ተቀመጠች። ይመርም ጉጉቱን መደበቅ አቅቶት «አጎትሽ አሸነፈ?» ሲል ጠየቃት።

«አሸነፈ። ግን ማዘዝ ነው የለመደው፤ ማግባባት አያውቅም። ምክር ቤት ገብቶ ‹ተነሡ› ሲል የሚነሣለት አጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ እንደ ተጋባ ኖረ። በመጨረሻ እርሻው ላይ ዓሣ ማርባት ጀመረ፤ ዓሦቹም አይታዘዙትም ነበር።»

ከዚያ ቃሏን ሰጠች። እሁድ ጠዋት አውቶቡሱ ዘግይቶ ስለሚጀምር ወደ ሥራ ሃምሳ ደቂቃ በእግሯ ትሄዳለች። ይመር ጻፈ፣ አነበበላት። «አርባ አምስት ደቂቃ አድርገው» አለች። «በበጋ አርባ አምስት ነው። ልዋሽ አልፈልግም።» አርሞ አስፈረማት።

ወሬው በምን ፍጥነት እንደ ተሠራጨ እንጃ፤ ሰው መሰለፍ ጀመረ። ሶማሊው፣ ፓኪስታኒው፣ ኤርትራዊው፣ ሚስቱ የሞተችበት ረጅሙ ኖርዌጂያዊ ሽማግሌ ሳይቀር። የተናገሩት ሲነበብላቸው ሁሉም አንገታቸውን ቀና ያደርጉ ነበር። ሽማግሌው መንገዱ ላይ ስለ ጠፋው መብራት የተናገረው ሲነበብለት መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ድገመው እስቲ» አለ።

ከቀትር በኋላ እትዬ ብርነሽ መጡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ሁሉም እንደ እናቱ የሚያያቸው ናቸው። ግራ እጃቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

«ኮማንደር፣ አገር ቤት የተውከውን ሥራ እዚህ ከፈትክ?» አሉት።

«ይቀመጡ እትዬ ብርነሽ።»

«ክሴን የሚሰማ ጆሮ ካለ እቀመጣለሁ።»

ቃላቸውም እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከፎቆቹ ወደ ባቡሩ የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ በበረዶ ወራት ጠጠር አይበተንበትም። ባለፈው ጥር ወድቄ የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ። የደረጃው ባለቤት ማን እንደ ሆነ ጠየቅሁ። አንዱ ወደ ሌላው መራኝ፣ ሌላው ወደ ሦስተኛው። ሁሉም ‹የኛ አይደለም› አሉኝ። ማንም ያልወለደው ደረጃ ሰበረኝ። ደረጃው ባለቤት ይፈለግለት።»

አነበበላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በደህነኛው እጃቸው ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየተጫኑ ፈረሙ።

«ይደርሳል?» አሉት፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ።

«ይደርሳል» አላቸው። «ቃሌ ነው።»

ሶልቫይ በአሥር ሰዓት ስትመለስ ሰልፉን አይታ በደስታ እጇን አጨበጨበች። ወረቀቶቹን ስታነሣ ግን ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይመር፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ቃል ነው። አርባ ሦስት ነው።»

«ስማቸውን ጻፉ? የተወለዱበትን ቀን? ሕመማቸውንም?»

«ፈርመዋልም» አላት፣ እንድትረጋጋ።

«ሄረጉድ!» አለች ሶልቫይ፤ ፈጣሪዋን መጥራቷ ነው። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳችው። ፐርሹንቫርን የሚባል የሰውን ገመና የሚጠብቅ ሕግ አለ። ፓርቲ የሰውን ስምና በሽታ እንዲህ መዝግቦ መያዝ አይፈቀድለትም። ሰኞ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ባለው ወረቀት መቁረጫ ማሽን አርባ ሦስቱም መቀደድ አለባቸው።

«ሕጉ እኮ ሰዉን ለመጠበቅ ነው፣ ይመር።»

«እኔስ ለምን የጻፍኩት መሰለሽ?»

ሶልቫይ ወረቀቶቹን አስተካክላ ደረደረች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይመርም ያውቃል። ግራ ያጋባውም ይኸው ነው። በአንድ አገር ያልተባለ ቃል ፈርም ሲሉት ክፋታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ እምቢ ማለት ከባድ ቢሆንም ግልጽ ነበር። እዚህ ደግሞ የተባለውን ቃል ቅደድ የምትለው ለልጁ ሒሳብ ያስጠናች ደግ ሴት ናት፤ ሕጉም ደግ ሕግ ነው። ደጉን ነገር በምን አፉ እምቢ ይለዋል? ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እያሉ አባቱ አሳድገውታል። «እስከ ሰኞ ስጪኝ» ብሎ ወረቀቱን በከረጢት ይዞ ቤቱ ገባ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ሲያየው ምኞት አገኘችው። ነገሩን ሰምታ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ሴሪየስት፣ የምርህን ነው አባዬ? የነሱ አይደል? መልስላቸዋ። ሕጉም እኮ የሚለው ይኼንኑ ነው፤ ቃሉ የባለቤቱ ነው።»

«መልሼስ? ይደርሳል ብያለሁ።»

«ራሳቸው ያድርሱት። ምክር ቤቱ ስብሰባ ሲጀምር ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት የሆነ ግማሽ ሰዓት አለው። ገብተህ ሦስት ደቂቃ ትናገራለህ። ማንም አይከለክልህም።»

ይመር ይህን ሰምቶ አያውቅም። ማንም ከመንገድ ተነሥቶ፣ ደጅ ሳይጠና ገብቶ ይናገራል? ሁለት ጊዜ አስደገማት። ሶልቫይም በስልክ «ያ፣ እንደሱ ይቻላል» አለች። ልጅቷን የሰጠውን ፈጣሪ አመሰገነ፤ አርባ ሦስት ፖስታ ገዛ።

ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ በር ሲያንኳኳ ሰነበተ። ለያንዳንዱ ፖስታውን ሰጥቶ ስለ ክፍቱ ግማሽ ሰዓት ያስረዳል። ሽማግሌው ኖርዌጂያዊ «ፖለቲከኛ ሁለት ጊዜ ሲያናግረኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ» ብሎ ፖስታውን ከሚስቱ ፎቶግራፍ አጠገብ አቆመው። ሶምጂት «አጎቴ ማራገቢያውን መልሱ ብሎ አያውቅም፤ አንተ ከሱ ትብሳለህ» እያለች ሳቀችበት።

በአገሩ ልጆች በኩል ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ይመር ሊያስብበት ሲገባ ያላሰበበት ነገር ነበር፤ አገር ቤት ፖሊስ የሰጠኸውን ወረቀት ሲመልስልህ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። እትዬ ብርነሽ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍተው ፖስታውን አዩት።

«ውድቅ ሆነ?»

«አይደለም እትዬ ብርነሽ። እዚህ አገር ሕጉ...»

«ፈርሜ አይደል የሰጠሁህ?»

«ፈርመዋል። ግን ራስዎ ቀርበው ቢያነቡት...»

«በየትኛው? በዚህ በተሰበረው እጄ ነው በዚያ በተሰበረው የኖርስክ ቋንቋዬ?» ፖስታውን በሰንሰለቱ ሥር ነጥቀው ወሰዱ። «ባሌ የሞተ ጊዜ ጣቢያ የሰጠሁትን ወረቀት እንዲሁ ነው የመለሱልኝ። ‹ሂጂ፣ እንጠራሻለን› ብለው። እስከ ዛሬ አልጠሩኝም። ይደርሳል ስትለኝ አምኜህ ነበር፣ ኮማንደር።»

በሩ ተዘጋ። ይመር እንደገና ሊያንኳኳ እጁን አነሣና መልሶ አወረደው።

በሚቀጥለው እሁድ እትዬ ብርነሽ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለሁሉም ሰላምታ ሰጡና እሱ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን ማስተካከል ያዙ። ያችን ነጠላ ማስተካከል ይመር ሳምንቱን ሙሉ ተሸክሟት ዋለ። ተሳቢ ሲያስገባ ቁጥር ይሳሳት ጀመር። «ጌታዬ፣ ሕጉን ባከብር ቃሌን በላሁ፤ ቃሌን ባከብር ሕጉን ልጥስ ነው፤ ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» እያለ ይጸልያል። የመጣለት መልስ አልነበረም፤ ወይም መጥቶ ከሆነ አልገባውም።

መስከረም ላይ ምርጫው ተካሄደ። በማግሥቱ ይመር የአንድ ተሳቢ ማኅተም እያየ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሶልቫይ ናት፤ ትጮኻለች።

«ገብተሃል!»

«የት?»

«ምክር ቤቱ ውስጥ!»

«ሃያ አንደኛ ነኝ እኮ» አላት፤ የረሳች መስሎት።

«ሰዉ ከስምህ አጠገብ ያለችውን ሳጥን ምልክት አድርጎባታል። መቶ ዘጠና ሰባት ሰው! እኔን እንኳ በልጠኸኛል!»

«ስሕተት ነው። ይጣራ።»

«ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።»

«እምቢ ብልስ?»

«አይቻልም። አንዴ ዝርዝሩ ላይ ለመግባት እሺ ካልክና ከተመረጥክ የማገልገል ግዴታ አለብህ።»

መኪናውን አጠገቡ ያቆመው ሊትዌኒያዊ ሾፌር ትዕግሥቱ አልቆ ጥሩምባውን ነፋ። ይመር ማኅተሙን ይዞ ቀረ። አገር ቤት ሰው ሹመት ለማግኘት ደጅ ይጠናል፣ በግ ይጎትታል፤ እዚህ ደግሞ ሹመት እንደ ወታደር ምልመላ እየሮጠ ይይዝሃል። ደግሞስ መቶ ዘጠና ሰባቱ እነማን ናቸው? የፈረሙለት አርባ ሦስት ናቸው። የቀሩት ከየት መጡ? የድሮ መርማሪነቱ ተነሥቶበት በጣቱ እየቆጠረ ሊደርስባቸው ሞከረ፤ ሠላሳ ላይ ጠፋበት። በአንድ ነገር ብቻ እርግጠኛ ነበር። እትዬ ብርነሽ ከነዚያ ውስጥ አይገኙም።

ፋናዬ ስትሰማ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ ከረቫቱን መተኮስ ጀመረች።

የአዲሱ ምክር ቤት ስብሰባ ኅዳር ሊገባ ሲል ሆነ። ይመር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሄደ። ሌሎቹ አሥራ አራቱ ሹራብ ለብሰዋል። ሰብሳቢዋ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ስኒከር ጫማ ያደረገች ወጣት ናት፤ ስትገባ ከመቀመጫው የተነሣው እሱ ብቻ ነበር። ተነሥቶ ሲያይ ሁሉም ቁጭ ብለዋል። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የሶምጂት አጎት ትዝ አለው።

«ክፍቱን ግማሽ ሰዓት ጀምረናል» አለች ሰብሳቢዋ።

ሽማግሌው ኖርዌጂያዊ ተነሥቶ ስለ መብራቱ ከወረቀቱ አነበበ። ሶምጂት ስለ አውቶቡሱ ተናገረች፤ «አርባ አምስት ደቂቃ፣ በበጋ» ስትል ይመርን ጠቀሰችው። ሌሎች አራት ሰዎችም ተራ በተራ ተናገሩ፤ ከዚያ የሚነሣ ጠፋ። ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አየች። ስምንት ደቂቃ ቀርቷል። ይመር ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም።

«ሌላ ከሌለ...»

ከኮሪደሩ የብረት ኮቴ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ብርነሽ ናቸው፤ ነጠላቸውን ደርበው፣ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ከጫማ ሥር የሚታሰረውን የብረት ጥርስ እንዳሰሩ፣ ቀጭ ቀጭ እያሉ ገቡ። ፖስታው በእጃቸው ነው። ይመርን አላዩትም። ለሰብሳቢዋ እጅ ነሡና በአማርኛ፦

«እኔ የመጣሁት ልከስ ነው» አሉ።

ሁሉም ወደ ይመር ዞሩ። «ምን አሉ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ክስ አላቸው።»

«በማን ላይ?»

ይመር እትዬ ብርነሽን አየ። ጣታቸው ቀጥ ብሎ ወደሱ ነው። «በኔ ላይ» አለ።

ሰብሳቢዋና ጸሐፊው ተንሾካሾኩ። ጸሐፊው አንድ ወፍራም ደንብ ገለጠ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ገለጠ። «የተከሰሰው ሰው ክሱን ማስተርጎም ይችል እንደሆነ አላገኘሁትም» አለ በመጨረሻ።

«ምን ይንሾካሾካሉ?» አሉ እትዬ ብርነሽ።

«እኔ ላስተርጉም ወይስ አላስተርጉም እያሉ ነው።»

«አንተ ነህ እንጂ! ቃል ተቀባዩ ማን ሆነና?»

ይመር ከወንበሩ ተነሣ። አጠገባቸው ሄዶ ቆመ። እትዬ ብርነሽ ወረቀቱን ዘርግተው ስለ ደረጃው ያለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡ፤ ይመር እየተከተለ በኖርዌጂያን አለው። «ማንም ያልወለደው ደረጃ ሰበረኝ» ሲባል አንዲት የምክር ቤት አባል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ እትዬ ብርነሽ ወረቀቱን አጠፉት። የቀረው በቃል ነው።

«ይኼ ሰው ይደርሳል ብሎ ቃሌን ተቀበለ። ከዚያ በፖስታ አሽጎ መለሰልኝ። አገሩ ሳለ ደፋር ነበር ይሉታል። እዚህ ግን ወረቀት ፈራ።»

ከይመር በቀር አንድም ሰው አልገባውም። «ቅር ብሏቸዋል» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም፤ ቅር ብሏቸዋልና። የሚያነጻጽር ሰው የለም። ያን ጊዜ ግን ያ ሰኔ ትዝ አለው፤ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው አሥራ አንድ ወረቀትና ያ ሳቅ። «ይህ ሰው ቃሌን ተቀበለ» ብሎ ጀመረ። ስለ ፖስታው ተናገረ፣ ስለ ድፍረቱ ተናገረ፤ «እዚህ ግን ወረቀት ፈራ» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ቀጠነ፤ ግን አለው።

ሲጨርስ እጁና እግሩ የለመዱትን አደረጉ። ወደ እትዬ ብርነሽ ዞረና በአማርኛ፦ «‹ወረቀት ፈራ› ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ያሉት ይኼን ነው?» አላቸው።

እትዬ ብርነሽ ቀና ብለው አዩት። ፖስታውን በሰንሰለቱ ሥር ከነጠቁበት ቀን ወዲህ ፊቱን ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው።

«‹የፈራ ይመስለኛል› በል» አሉ። «ልቡን ገብቼ አላየሁ።»

ይመር ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ። «ማረሚያ አለ» አለ።

ጸሐፊው አርሞ ጻፈ። ሰብሳቢዋ ብዕሯን እያሻሸች «የደረጃው ባለቤት ማን ነው?» ስትል ጠየቀች። አሥራ አራቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ «የኛ አይመስለኝም» አለ፤ ሌላዋ «የነሱ ነው የሚመስለኝ» አለች፤ እነሱ የተባሉት እነማን እንደ ሆኑ ግን አልተናገረችም። እትዬ ብርነሽ ትርጉም ሳይጠብቁ «እንዳልኩት ነው» አሉ። በመጨረሻ በሚቀጥለው ስብሰባ ባለቤቱ ተጣርቶ እንዲቀርብ፣ እስከዚያ ጠጠር የሚበትን ሰው እንዲፈለግ ሐሳብ ቀረበ። እጅ ይውጣ ተባለ። ይመር ከወንበሩ ርቆ ቆሟል። እንደ አባል ያውጣ፣ እንደ ተከሳሽ ይተው፣ እንደ አስተርጓሚ ዝም ይበል አልገባውም። እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አነሣና እዚያው ተወው። ጸሐፊው ብዙ አየውና አንድ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደ ጻፈ ይመር እስከ ዛሬ አያውቅም።

ስብሰባው ሲያልቅ እትዬ ብርነሽ በር ላይ ነበሩ። እየጠበቁት እንደ ሆነ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። ወደ ባቡሩ አብረው ሄዱ። ውጭው በረዶ ይዟል፤ ሶምጂት «ወረቀት ፈሪ!» ብላ ከኋላቸው ጮኻ አልፋቸው ሄደች። ትርጉሙን ከተቀመጠችበት ሰምታዋለች።

«እዚህ አገር አይፈረምም?» አሉ እትዬ ብርነሽ።

«እዚያ ውስጥ አይፈረምም።»

«ታዲያ እኔ መሆኔን በምን ያውቃሉ?»

ይመር አሰበ። «እንጃ» አለ። «ያምናሉ መሰለኝ።»

ያንን ደረጃ አናቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንድም ጠጠር የለውም፤ በመብራቱ ስር እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። ይመር ክንዱን ሰጣቸው። በደህነኛው እጃቸው ያዙት።

«እኔም መርጬሃለሁ» አሉት፣ የመጀመሪያውን ደረጃ እየወረዱ።

ይመር ሊቆም ሲል ጎተቱት። «ፖስታውን ከመለስኩ በኋላ?» አለ።

«ከመለስክ በኋላ ነዋ።»

«ለምን? ተቀይመውኝ አልነበር?»

«ወንበር የሌለውን ሰው ማን ይከሳል?» አሉ እትዬ ብርነሽ። «ለመክሰስ ነው የመረጥኩህ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶችም ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። እግርህን አደላድለህ ርገጥ፣ ልትጥለኝ ነው።»

ይመር ተመሰገነ ወይስ ተሰደበ አልገባውም። «ተመስገን» አለ ለማንኛውም፣ በለሆሳስ። ከዚያ ሁለተኛውን ደረጃ በጫማው ጫፍ ሞክሮ፣ ጸንቶ መቆሙን ሲያረጋግጥ፣ «አሁን ይውረዱ» አላቸው።